ጭኮ የመንገድ ስንቅ

በሶ የገበሬ ስንቅ ነው። ገብሱ አንድ ጊዜ በደንብ ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ ምጣድም ድስትም ሳይፈልግ ተለውሶ ይበላል። እንጨት ይቆጥባል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ነገር ግን አለዋወሱን ካላወቅንበት በመንገድ ላይ ይጎዳናል።

አንድ ገበሬ የ4 ቀን መንገድ ሊሄድ ተነሣ። ሚስቱ በሶውን በውሃ ለውሳ በአገልግል ያዘችለት። በ3ኛው ቀን ሲከፍተው ሻግቷል። ርቦት ስለ ነበር ሻጋታውን በጣቱ ጠርጎ በላው። ማታውን አስመለሰው፤ ተቅማጥም ያዘው። ከስቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ አዘነች። «እማዬ፣ ገብሱ ንጹሕ ነበር፤ ምን አጠፋሁ?» ብላ አማቷን ጠየቀች።

«ጥፋቱ የገብሱ አይደለም ልጄ፤ የውሃው ነው። ለቤት በውሃ ይለወሳል፤ ለመንገድ ግን ጭኮ ነው» አሏት።

አማቷ እውነት ተናገሩ። ሻጋታ እርጥበት ይወዳል። በውሃ የተለወሰ በሶ ቶሎ ይበላሻል። ጭኮ ግን የሚለወሰው በተነጠረ ቅቤ ነው። ውሃ ስለሌለበት ብዙ ቀን ይቆያል። በአርሲና በባሌ ጭኮ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለእንግዳም ክብር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ገብሱን ልቀሙ። ፈትጋችሁ ገለባውን አበጥሩ፤ ይድረቅ።
2. በምጣድ ላይ እያማሰላችሁ ቁሉት። ሳያርር ውስጡ ድረስ ይብሰል።
3. ፍጩት፤ በወንፊት ንፉት።
4. ቅቤውን በዝግታ አንጥሩ። መንጣጣቱን ሲተው ውሃው አልቋል ማለት ነው። ከዝቃጩ ለዩት።
5. እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ። ለብ ያለውን ቅቤ በ3 ስኒ በሶ ላይ 1 ስኒ ያህል በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ጨው አድርጉበትና እሹት። ሲጨበጥ ከተያያዘ ደርሷል።
6. በደረቅ ዕቃ አድርጋችሁ ክደኑት።

ቅቤ ያጠረው ሰው በሶውን ደረቁን ይያዝ። ሲርበው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የሚበቃውን ብቻ ለውሶ ያኔውኑ ይብላ። ውሃው ካልፈላ በሽታ ያመጣል።

የሻገተ ምግብ ይጣል እንጂ አይጠረግ። ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ አገልግል በሶ ቢጣል ያሳዝናል፤ ሰው በመንገድ ቢወድቅ ግን ይብሳል።

ጥያቄዎች

1. ገበሬው ለምን ታመመ?
2. ጭኮ ብዙ ቀን የሚቆየው ለምንድን ነው?
3. ቅቤ የሌለው መንገደኛ ምን ማድረግ አለበት?
4. በእናንተ ቀበሌ ለመንገድ ምን ስንቅ ይያዛል? እንዴት ይሠራል? ጻፉ።