ለቤት ኮምፒውተር ገንዘቡ የት ይዋል?

ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ኮር አይ ሰቨን አላችሁ?» የሚል ነው። ሻጩ ደስ ይለዋል፤ ውድ ዋጋ የሚያስጠራውን ስም ገዢው ራሱ ጠርቶለታልና። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ ደብዳቤና ሲቪ ይጻፍበታል፤ ዩቲዩብ ይታይበታል፤ ውጭ ካሉ ዘመዶች ጋር በቪዲዮ ይወራበታል፤ ምናልባትም የአንድ ትንሽ ሱቅ ሒሳብ ይያዝበታል። ሥራው ይህ ከሆነ የምንከተለው ሕግ አጭር ነው፤ ገንዘቡ መጀመሪያ በሚያስጠብቀን ክፍል ላይ፣ ቀጥሎ ሌላውን ይዞ ሊቃጠል በሚችለው ክፍል ላይ ይዋል፤ ለስም የሚከፈለው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው።

ከሚያስጠብቀው እንጀምር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዎርድ ሲከፈት የምንቆይበት ጊዜ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ ጥፋት አይደለም፤ የዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ዝርግ ሳሕን አለው፤ የተለመደው በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፤ ይህ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ማንበቢያው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ሲጨመርበት ከ10 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን እየፈለገ ያነባል፤ ለእያንዳንዱም ይህን ያህል ይጠብቃል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የፈለገውን በሚሊ ሰከንድ ክፍልፋይ ያገኛል። ስለዚህ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ቤት 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ካለው ቤት ይሻላል። ፎቶና ፊልም ከበዛ ሃርድ ዲስኩ ኋላ ተጨምሮ እንደ ጎተራ ያገልግል፤ ዊንዶውስ ግን ኤስኤስዲው ላይ ይቀመጥ።

ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት ነው። ሳታ የሚባለው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው 3500 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ቢራራቅም ለደብዳቤና ለዩቲዩብ ልዩነቱን የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ከሃርድ ዲስክ የገላገለን የፍለጋው ጥበቃ መቅረቱ ነበርና፣ እሱ በሁለቱም ቀርቷል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ኤንቪኤምኢውን ይውሰዱ፤ ማዘርቦርዱ ይቀበለው እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ኤም ቱ የሚባለው ቀዳዳ መኖሩ አይበቃም፤ አንዳንዱ ሳታን ብቻ ነው የሚያነበው። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ «16 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ዲስክ ካዩ ደግሞ ይለፉት። ውስጡ መጠኑን አጋንኖ እንዲናገር የተደረገ ትንሽ ቺፕ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው የሠርጉን ፎቶ ሊያይ ሲከፍተው ነው።

ራም ከዲስኩ ጋር ይያያዛል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣና እየመለሰ ይሠራል፤ 4 ጊጋ ራም ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲገናኝ ማሽኑ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ክሮም ላይ ብዙ ገጽ ከፍቶ ዙም ለሚጨምር ቤት 8 ጊጋ መነሻ ነው፤ 16 ጊጋ ያሳርፋል። 16 ሲገዙ ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ምስሉ የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ ጥቅሙ እዚያ ላይ ይታያል። ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 አይተካኩም፤ የጥርሳቸው ክፍተት ቦታው ይለያያልና አልገባ ያለውን አይግፉት።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 የሚለው ደረጃ የሚሠራው በአንድ ጀኔሬሽን ውስጥ ብቻ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ አይ 7-2600 ሁለተኛ ጀኔሬሽን፣ አይ 5-8500 ስምንተኛ፣ አይ 3-12100 ዐሥራ ሁለተኛ ነው። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው አይ 7-2600 እና በ2022 የወጣው አይ 3-12100 ሁለቱም 4 ኮር አላቸው፤ ነገር ግን አይ 3ቱ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ የሚበላው መብራትም ያነሰ ነው። የዛሬውን የዩቲዩብ ቪዲዮ ያለ ጭንቀት የሚፈታ ክፍልም በውስጡ አለ፤ አሮጌው ይህን በጉልበቱ ስለሚሠራው ፋኑ ይጮኻል።

አሮጌውን የሚጥለው ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀኔሬሽንና ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለውን ነው። ከዚያ በታች የሚገዛ ሰው ሊኑክስ ሚንትን ለመልመድ ይዘጋጅ፤ ለዚህ ሥራ ሊኑክስ መጥፎ አይደለም፤ ቤተሰቡ ከተስማማ።

መጨረሻ ላይ ያለችውንም ፊደል አይዝለሉ። 12100 ኤፍ የተባለው ከ12100 ረከስ ይላል፤ ነገር ግን በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ካልገዙለት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በኤኤምዲ በኩልም ራይዘን 5 5600 እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ቤት የሚሆነው ባለ ጂው 5600 ጂ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ብዙ አንቆይም። የመረጡትን ፕሮሰሰር የሚቀበል፣ ከገዙት ራም ጋር የሚገጥም ይሁን፤ ለ12100 የሚሆኑት ቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር 4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር 5 ናቸውና ይህን ብቻ ያጣሩ።

ሌላውን ይዞ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ሰው ለፕሮሰሰር ስም ብዙ ከፍሎ እዚህ ላይ ሲቆጥብ ማየት ያናድደኛል። ከኬዙ ጋር ተገጥሞ የሚመጣው፣ «500 ዋት» የተለጠፈበት ርካሽ ሳጥን ብዙ ጊዜ የጻፈውን አይችልም፤ ሲበላሽም ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ግራፊክስ ካርድ የሌለው የቤት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከ100 ዋት ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ የታወቀ አምራች የሠራው ባለ 400 ወይም ባለ 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው መብራት እንደማያባክን ነው እንጂ ለሁሉም ነገር ዋስትና አይደለም፤ ምንም ከሌለው ግን ይሻላል።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይዩ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ነው። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው፤ 115 ላይ እንዳለ እኛ ጋ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለበት ራሱ ያስተካክላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማጥፊያውን ያጥፉ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሲመለስ ነውና እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ገንዘብ ከተረፈ ትንሽ ዩፒኤስ ይግዙ፤ ዩፒኤስ ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ ማታውን ለመሥራት አይደለም፤ ሌዘር ፕሪንተርም አይሰካበትም። ኬዙን ሲነኩ የሚነዝርዎት ከሆነ ሶኬቱ መሬት የለውም ማለት ሊሆን ይችላልና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ።

ገንዘቡ ለአዲስ ካልበቃ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች አሉ፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 እና ኤችፒ ኢሊትዴስክ 800 ጂ 4 ስምንተኛ ጀኔሬሽን ናቸው። ለእኔ በርካሽ ክፍል ከተገጣጠመ አዲስ ኮምፒውተር እነዚህ ይበልጣሉ። ጉድለታቸው ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ቅርጽ ያለው መሆኑ ነው፤ ቢቃጠል ከሱቅ የተገኘው ሁሉ አይገጥምም። ትንንሾቹ ደግሞ የላፕቶፕ ራም ነው የሚወስዱት። ሳይከፍሉ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አስከፍተው ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያንብቡ፤ ቪዲዮ ከፍተውም ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። ከዚያ አጥፍተው ሲያስነሡት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር፣ ለመግባት ዴሉ ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒው ላይ ኤፍ 10 ይጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው መሥሪያ ቤት የቆለፈው ነው፤ የቦርዱን ባትሪ በማውጣት ብዙ ጊዜ አይከፈትምና ሻጩ እዚያው እፊትዎ ይክፈተው፤ ካልቻለ ሌላውን ያውጣልዎት።