በሩ ሲከፈት
በጽኑ ፈተና ጊዜ በእግዚአብሔር ስለ መታመንና ለእርሱ ስለ መታዘዝ የተጻፈ ትምህርት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ሰው ስለ ፈተና ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚያስበው እሳቱን፥ ወኅኒውንና ሰይፉን ነው። የእግዚአብሔር ቃል ግን ከእነዚህ የሚረቅ ሌላ ፈተና እንዳለ ያስተምረናል፤ ይኸውም ከእሳቱ የሚያወጣ በር ተከፍቶ፥ «ና ውጣ፤ ብቻ ይህችን አንዲት ነገር አድርግ» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ የሚሆነው ነው። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 11 ቁጥር 35 የእምነትን ሰዎች ሲቈጥር፥ ከሥቃይ ሊያመልጡ ሲቻላቸው ማምለጡን ስላልተቀበሉ ሰዎች ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በር አጥተው አይደለም፤ በሩን አይተው፥ ዋጋውንም መዝነው ስለ ተዉት ነው እንጂ። እንግዲህ ስለዚህ በር እንመርምር።

1. ሐሰትን የሚጠይቅ በር

እኛ የኩታበርና የደሴ ሰዎች ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከአራቱ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ ሀገረ ስብከታቸውም ይህ ወሎ፥ መንበራቸውም ደሴ ነበረ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ተባበሩ፤ አርበኞቹ በሐምሌ ወር አዲስ አበባን ካጠቁ በኋላም ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። በዚያም አርበኞቹን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገብሩ ተጠየቁ፤ እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

እኛ የወንጌል ሰባኪዎች ከእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአንዳንድ ነገር ብንለይም፥ ከዚህ ሞት ልንማር ይገባናል። ከእርሳቸው የተፈለገው ወርቅ አልነበረም፤ ቃል ብቻ ነበረ። ነገር ግን የእረኛ ቃል ከአፉ ወጥታ በነፋስ አትበተንም፤ በመንጋው ኅሊና ላይ ታስራለች። እረኛው ሐሰቱን እውነት ነው ቢል፥ በጎቹ ወዴት ይሄዳሉ?

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ያሉት ሦስቱ ወጣቶችም እንዲህ ያለ በር ቀርቦላቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰግዱ ይድኑ ነበርና። እነርሱ ግን አምላካቸው ሊያድናቸው እንዲችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንዳይሰግዱ ቈርጠው ተናገሩ። መታመን ማለት ይህ ነው፤ ፍጻሜውን ሳያውቁ መታዘዝ።

2. አደራን የሚያስጥል በር

ሐሰትን የማይጠይቅ፥ ነገር ግን አደራን የሚያስጥል ሌላ በር ደግሞ አለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወለጋ ተወልደው፥ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ታስረው ከተፈቱ በኋላ፥ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁልየስ ኔሬሬ አማካይነት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጀላቸው። በዚያ በር ለማለፍ ክርስቶስን መካድ አያስፈልጋቸውም ነበር። ነገር ግን በመከራ ቀን መንጋውን ትቶ መሄድ ለእረኛ የማይገባ ሆኖ ስላገኙት፥ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ላይ ያለውን ቃል ይዘው ቀሩ፤ እርሱም የሚኖሩ ሁሉ ለሞተላቸው እንጂ ለራሳቸው እንዳይኖሩ የሚያስተምረው ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቈይ። የመታዘዝን ሸክም የተሸከሙት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተሠቃይተው ወደ 10 ዓመት ያህል በወኅኒ ኖሩ። የባላቸው አፅም የተገኘውም ከ13 ዓመት በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ነበረ። በአገራችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን ሌሊቱ እጅግ ይረዝም ይሆናል። የሚታዘዝ ሰው የሚወዳቸውም አብረውት እንዲታመሙ ያውቃል፤ ስለዚህ መታዘዝን እንደ ቀላል ነገር የሚሰብክ ሰው አልታዘዘም።

3. እግዚአብሔር የሚከፍተው በር

እንግዲህ ማምለጥ ሁሉ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ 10፥23 በአንዲት ከተማ ለሚሰደዱ ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ አዝዟል። ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥር ወርዶ አመለጠ፤ ይኸው ጳውሎስ ግን በፊልጵስዩስ የወኅኒው በሮች ሁሉ በተከፈቱ ጊዜ አልወጣም፤ ስለዚህም የወኅኒው ጠባቂ ከነቤተ ሰቡ ዳነ። አንዱን በር አለፈበት፤ ሌላውን ተወው። ስለዚህ ከመከራ የሸሸውን ወንድምህን አትፍረድበት፤ መከራንም ክብር ለማግኘት አትፈልገው። በር በተከፈተልህ ጊዜ ግን ሁለት ነገር ጠይቅ፤ ለማለፍ የምከፍለው እውነትን ነውን? ከበስተኋላዬ የምተወው እግዚአብሔር በእጄ የሰጠኝን ሰው ነውን?

4. ስለ ዕለታዊው በር

ምናልባት አንተ ወደ ጥይት ፊት አትቀርብ ይሆናል። ነገር ግን በገበያ ገብስና ስንዴ ስትሰፍር ቍናውን የምታጐድልበት፥ ተማሪ ብትሆን በፈተና የጓደኛህን መልስ የምትገለብጥበት፥ ስለ ዘመድህ ብለህ በዳኛ ፊት በሐሰት የምትመሰክርበት በር በየቀኑ ይከፈትልሃል። በትንሹ በር ያልታመነ በትልቁ እንዴት ይታመናል?

እኔም ጌታን ባመንሁ ጊዜ እንዲህ ያለ በር አይቻለሁ። በእኛ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ዘመዳሞች ሆነው፥ በሠርግና በተዝካር ለየወገኑ ለየብቻ እየታረደ በአንድ ድግስ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ከዘመድ መለየት እጅግ መራራ ነው። አንድ አጎቴ በፍቅር ጠርቶ፥ «ልጄ፥ በሽማግሎች ፊት ትቼዋለሁ ብቻ በል፤ በልብህ የወደድኸውን እመን፤ ከአባትህም ማሳ ድርሻህን ውሰድ» አለኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን አልችልም አልሁት፤ እርሱም አለቀሰ፥ እኔም አለቀስሁ። ማሳው አልተመለሰልኝም፤ አጎቴም ሳንታረቅ ሞተ። ይህን የምነግርህ ልመካ ብዬ አይደለም፤ ለሚታዘዝ ሁሉ የጠፋው በዚህ ዓለም እንዲመለስለት እግዚአብሔር ተስፋ እንዳልሰጠ እንድታውቅ ነው። የሰጠው ተስፋ እርሱ ራሱ ከእኛ ጋር መሆኑን ነው፤ በዚያች በአራተኛዋ ቀንም ከእኔ አልራቀም።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ ዛሬ ማታ ብቻህን ሆነህ በፊትህ የተከፈተውን በር ተመልከት። ዋጋውን ሳትጠይቅ አትለፍ። እንዲህም ብለህ ጸልይ፤ «ጌታ ሆይ፥ አንተ የከፈትኸውን በር አሳየኝ፤ አንተ ባልከፈትኸው በር እንዳልወጣ ያዘኝ፤ በእኔ መታዘዝ ምክንያት የሚታመሙትንም አንተ አጽናናቸው። አሜን።»