ጉልበቷ ከዳነ መርፌው ለምን አይቆምም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ጉልበቷ አብጦ ጋለ፤ እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ ተተካ፤ ቀጥሎ ደግሞ ክርኗ። ብርድ ነው ብለን ቅቤ አሸናት፣ ፀበልም አስጠመቅናት። በኋላ ዳገት መውጣት አቃታት፤ ሌሊትም ጋደም ማለት ተስኗት ቁጭ ብላ ታድር ጀመር። ሆስፒታል ስንወስዳት ኢኮ ታየችና «ከጉሮሮ የመጣ ነው፣ የልብ ቫልቯ ተጎድቷል» ተባልን። አሁን ኪኒን ትወስዳለች፣ በየወሩም በማርያም ዕለት መርፌ ትወጋለች። ተመስገን፣ ትምህርቷንም ቀጥላለች። የማይገባኝ ግን ይህ ነው፦ የልብ በሽታ የትልልቅ ሰው አይደል እንዴ? እንጥሏንስ በሕፃንነቷ አስቆርጠናት የለም? ጉልበቷ ከዳነስ መርፌው ለምን አይቆምም? መርፌው በደረሰ ቁጥር ልቅሶዋ አንጀቴን ይበላዋል።
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እኅቴ፣ የጠየቁኝን ብዙ እናቶችም ይጠይቁኛል፤ አንድ በአንድ ልመልስልዎ።

የልብ በሽታ የትልልቅ ሰው አይደል?

«የልብ በሽታ» የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሲጠቡና ሲደፈኑ የሚመጣው፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳር፣ ከሲጋራና ከኮሌስትሮል ጋር የሚያያዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎልማሶችና የአረጋውያን ነው። ከማኅፀን ጀምሮ የሚመጣ የልብ አፈጣጠር ችግርም አለ። የልጅዎ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ልጅዎ የተወለደችው ጤነኛ ልብ ይዛ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል፤ የሰውነት መከላከያም ሊዋጋው ይነሣል። ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ይኸው መከላከያ የገዛ አካልን ባክቴሪያው መስሎት ያጠቃል። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ አንጎልን፣ ልብን ይነካል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ክፍል በሚያድርበት ቤት ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል።

ሩማቲክ ትኩሳት መገጣጠሚያን ነክቶ ያልፋል፤ ልብ ላይ ግን ጠባሳ ይተዋል። በልብ ውስጥ ደም ወደፊት አሳልፈው ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ 4 በሮች አሉ፤ ቫልቭ የምንላቸው እነዚህን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ ነው። በሩ ካልገጠመ ደሙ ወደኋላ ይፈስሳል፤ ጠባሳው ካጣበቀው ደግሞ በወጉ አይከፈትም። በሁለቱም መንገድ ደም ሳንባ ውስጥ ይከማቻል። ልጅዎ ቁጭ ብላ ያደረችው ለዚህ ነው።

እንጥሏ ተቆርጦ የለም?

እንጥል መቁረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም። ባክቴሪያው የሚቀመጠው በቶንሲልና በጉሮሮ ግድግዳ ላይ ነው፤ እንጥል ቢኖርም ባይኖርም ቦታ አያጣም። መቁረጡ ግን ሕፃንን ለደም መፍሰስና ለቁስለት ይዳርጋል፣ በምላጩም ሌላ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮው ከታመመበት ዕለት አንሥቶ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። አንድ መርፌ ይበቃል፤ በኪኒን ከሆነ ግን ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም 10 ቀን መሙላት አለበት።

ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች ካሉዎት ይህን ልብ ይበሉ፦ ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ድንገት ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ አንገት ሥር የሚያም እብጠት ሲመጣ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ጉንፋን ከሆነ ግን ፔኒሲሊን አያስፈልገውም።

በሽታው በምን ይታወቃል?

በአንድ የደም ምርመራ ብቻ ቁርጡ አይታወቅም። ሐኪሙ ታሪኩን ይጠይቃል፤ እርስዎ የጻፉት «እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ ተተካ» የሚለው ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዞራልና። በማዳመጫ የልብ ድምፅ ይሰማል፣ በደም ምርመራ የባክቴሪያው ዱካ ይፈለጋል፣ ኢሲጂ፣ የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ይነሣል። ቫልቩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ ይወራጫል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታል፤ ቤተሰብ መንፈስ ነው ይላል፣ መምህር ቅብጠት ነው ብሎ ይቆጣል። እሱም የዚሁ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጉልበቷ ከዳነ መርፌው ለምን አይቆምም?

መርፌው ያው ፔኒሲሊን ነው፤ ለጉልበቷ አልታዘዘም። የተጎዳውን ቫልቭም አይጠግንም። ሥራው አዲስ የጉሮሮ ቁስለት እንዳይይዛት መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ እንደገና የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይጨመራል። ዛሬ ትንሽ የሚያፈስሰው ቫልቭ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ቫልቭ ከተጎዳ መርፌው ቢያንስ 10 ዓመት፣ ጉዳቱ ከበረታ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ወይም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። የሚያቆመው ሐኪሟ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ቫልቩ በጣም ተጎድቶ ልብ የደከመባቸው ሕሙማን በመርፌ ፈንታ ኪኒን ሊታዘዝላቸው ስለሚችል፣ ይህን ሐኪሟን ይጠይቁ።

ሕመሙን መቀነስ ይቻላል። ብልቃጡ በእጅ መዳፍ ሞቅ ቢል፣ ቦታው ከመወጋቱ በፊት በጣት ጫን ቢባል፣ መድኃኒቱም ቀስ ተብሎ ቢሰጥ ይቀልላታል። ነርሷን እንዲህ ብሎ መለመን አያሳፍርም።

ቀዶ ሕክምናስ ያስፈልጋታል?

ሁሉም አያስፈልገውም። ጉዳቱ መለስተኛ ከሆነ መርፌውና ክትትሉ ይበቃል፤ ልብ ሲደክም ውኃ የሚቀንሱ የሽንት ኪኒኖችና ሌሎች መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። የተጣበቀ ቫልቭ አንዳንዴ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይከፈታል። ከዚያ ያለፈው በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይቀየራል። በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይህን ሥራ ይሠራል፤ እስራኤል ሆሎን ከተማ ሄደው የታከሙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትም አሉ። ይሁን እንጂ ወረፋው ረጅም ነው።

ቫልቭ መቀየርም የራሱ ቀንበር አለው። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ደሙንም ይመረመራል። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ በጾም አብዝቶ በፍስክ መተው አይሆንም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን። ዋርፋሪን ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ልጅዎ ነገ ስታገባ፣ ቫልቭ ቢቀየርላትም ባይቀየርላትም፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር። እስከዚያው ጥርሷን በደንብ ትፋቅ፤ ጥርስ ከማስነቀሏም በፊት የልብ ሕመምተኛ መሆኗን ትናገር፣ ከአፍ የሚነሣ ባክቴሪያ በደም ሄዶ የተጎዳ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላልና። እግሯ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላርምዎ። «በየወሩ በማርያም ዕለት» ብለውኛል። ቀኑን ላለመርሳት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን መድኃኒቱ የሚጠብቃት ቢበዛ 4 ሳምንት፣ 28 ቀን ነው። ከማርያም እስከ ማርያም፣ ከ21 እስከ 21፣ ደግሞ 30 ቀን ነው። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 21 ጳጉሜ ሲገባበት 35 ቀን ይሆናል፤ ልጅዎ አንድ ሳምንት ያለ ጠባቂ ትቀራለች፣ ያውም ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች በአንድ ክፍል በሚታጨቁበት ሰሞን። ስለዚህ በሳምንቱ ቀን ይቁጠሩ። መርፌው ማክሰኞ ከተጀመረ ዘወትር አራተኛው ማክሰኞ ነው። ማርያምን በ21 ይዘክሩ፤ መርፌውን በማክሰኞ።