ሰሜን ተራሮች በእግር፦ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ተራራ ላይ አድረን አናውቅም። በጥር ወር ለአራት ቀን ሰሜን ተራሮችን በእግር ልንጓዝ አስበናል። እቅዱን ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከከፍታው ጀምሩ፤ ርቀቱ ሁለተኛ ነው። መነሻችሁ የሆነችው የደባርቅ ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መጀመሪያ እዚያ እደሩ። ቀጥሎ በካምፖቹ እደሩ፦ መጀመሪያ ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ፣ በመጨረሻ ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ በ500 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ስለሚያልፍ በአራት ቀን አትሞክሩት። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ሰው ካለ አትውጡ። ካልተሻለው፣ በተለይ እርምጃው ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳትዘገዩ ይዛችሁት ውረዱ። የከፍታ ሕመም ጉልበተኛ ወጣትንም አይምርም።

የጥር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ወፍራም ስሊፒንግ ባግና ደረቅ የሌሊት ልብስ ያዙ። ጓዙን ለበቅሎ ስጡ። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ።

የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመውም ሆነ አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት (ጠባቂ) የሚመደበው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ጠይቁ፤ አስተማማኝ መልስ ካላገኛችሁ፣ እባካችሁ ጉዞውን አስተላልፉት።