ትምህርት አሥራ አራት፦ የአፍ ቃልና የጊዜው ወሰን

ተማሪዎች፥ «የተናገሩት ከሚጠፋ፥ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ታውቁታላችሁ። ምሳሌው የሰው ቃል ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ቃል የሰጠው ሰው ቢሞት፥ ወይም ቃሉ የሚጸናበት ጊዜ ተለይቶ ሳይነገር ቢቀር ምን ይሆናል? የሚከተለው ምንባብ በአሜሪካ አገር በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ነው። ስታነቡ «እስከ ... ድረስ» የሚለውን አነጋገር በየቦታው ልብ በሉ። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ቡጢኛው፥ አሠልጣኙና ማናጀሩ

ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን ካትስኪል የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ከፖሊስ ጣቢያው በላይ ባለው ፎቅ ላይ ከስ ዳማቶ የተባለ ሽማግሌ ወጣቶችን ቡጢ ያስተምር ነበር። ዳማቶ ቀደም ሲል ፍሎይድ ፓተርሰንን ለዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮናነት ያበቃ ሰው ነው። በ1980 ግድም ከጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት አንድ የብሩክሊን ልጅ አመጡለት። ልጁ ማይክ ታይሰን ይባል ነበር። ሽማግሌው ልጁን በቤቱ አስቀምጦ፥ ኋላም ሕጋዊ አሳዳጊው ሆኖ እንደ ልጁ አሳደገው።

ዳማቶ ዕድሜው ስለ ገፋ የዕለት ተዕለቱን ልምምድ የሚመራለት ሰው አስፈለገው። ይህን ሥራ የተቀበለው ደቀ መዝሙሩ የነበረው ወጣቱ ኬቪን ሩኒ ነው። ፍርድ ቤት በኋላ እንደ ተቀበለው፥ በ1982 ታይሰን ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ሁለቱ በቃል ተስማሙ። ሩኒ ልጁ ፕሮፌሽናል እስኪሆን ድረስ ያለ ክፍያ ያሠለጥነዋል፤ ልጁ ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ ግን በዚሁ ሙያ እስከ ተጋጠመ ድረስ አሠልጣኙ ሩኒ ይሆናል፤ የድካሙንም ዋጋ ከገቢው ያገኛል። ስምምነቱ በወረቀት አልሰፈረም፤ ፊርማም አላረፈበትም። ሩኒ በቃሉ ጸንቶ 28 ወር ያለ ደመወዝ አሠለጠነው። ታይሰን በመጋቢት 1985 ፕሮፌሽናል ሆነ።

ለፕሮፌሽናል ቡጢኛ አሠልጣኝ ብቻውን አይበቃውም። አሠልጣኙ ሰውነቱን ያጠነክራል፥ ስልቱን ያርማል፥ በግጥሚያውም ዕለት በዙሮች መካከል በጥግ ቆሞ ይመክረዋል። ማናጀሩ ደግሞ ከመድረኩ ውጭ ያለውን ሥራ ይመራል፤ ተጋጣሚ ይመርጣል፥ ውል ይዋዋላል፥ በዋጋ ይከራከራል፥ ገንዘቡንም ይቆጣጠራል። ሦስተኛው ሰው የግጥሚያው አዘጋጅ ነው። አዘጋጁ አዳራሽ ይከራያል፥ ትኬትና የቴሌቪዥን መብት ይሸጣል። አዘጋጁ ለቡጢኛው ጥቂት ከፍሎ ብዙ ማትረፍ ይፈልጋል፤ ማናጀሩ ግን ለቡጢኛው ብዙ እንዲከፈል መከራከር አለበት። ስለዚህም በ2000 የወጣውና በመሐመድ ዓሊ ስም የተሰየመው የአሜሪካ ሕግ፥ ማናጀሩና አዘጋጁ በጥቅም እንዳይተሳሰሩ ይከለክላል። በሙያው ልማድ የአሠልጣኙ ድርሻ ከገቢው ከመቶ አሥር ያህል ሲሆን፥ የማናጀሩ ድርሻ እስከ ሲሶ ይደርሳል።

የታይሰን ማናጀሮች ጂም ጄከብስና ቢል ኬይተን ነበሩ። በኅዳር 1985 ዳማቶ ሞተ። ስለ ልጁ ቃል የሰጠው ሽማግሌ ከመካከል ወጣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በኅዳር 1986፥ ታይሰን ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር አሸንፎ በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በከባድ ሚዛን ታሪክ በዚህ ዕድሜ ለዚህ ክብር የበቃ ሌላ ሰው የለም። በዚያው ዓመት ሩኒ በሌላ አሠልጣኝ ይተካል የሚል ወሬ ሲነዛ፥ ጄከብስ በታይሰን ፈቃድ ለሕዝብ መግለጫ ሰጠ። ታይሰን ፕሮፌሽናል ቡጢኛ እስከ ሆነ ድረስ አሠልጣኙ ሩኒ መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ ጊዜ የማናጀሩ ሥራ ገንዘብ መቁጠር ብቻ አልነበረም፤ የሟቹንም ቃል ይጠብቅ ነበር።

በመጋቢት 1988 ጄከብስም ሞተ፤ ማናጀርነቱም ለኬይተን ብቻ ቀረ። በሰኔ ወር ታይሰን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ዘረረው። እንደዚህ ያለ ድል ባገኘበት ወቅት ከመድረኩ ውጭ ያለው ኑሮው ተናጋ። ከኬይተን ጋር በፍርድ ቤት ተካሰሰ፤ በሐምሌ ወር በስምምነት ሲጨርሱ የማናጀሩ ድርሻ ከሲሶ ወደ ከመቶ ሃያ ዝቅ አለ። ከባለቤቱም ጋር ሊፋታ ተቃረበ። የግጥሚያ አዘጋጁ ዶን ኪንግ ደግሞ ይበልጥ ቀረበው። ሩኒ ስለ ፍቺውና ስለ ማናጀሩ ክርክር በአደባባይ አስተያየት ሰጠ፤ ታይሰንም በዚህ ተቀየመ። በ1988 መጨረሻ ሩኒ መባረሩን የተረዳው ጋዜጣ ሲያነብ ነው። ለስድስት ዓመታት ያህል አብሮት የሠራው ልጅ ፊት ለፊት አልነገረውም። በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቅ ሰውም አልነበረም፤ ዳማቶና ጄከብስ ሞተዋል፤ ኬይተን ራሱ ባለ ጉዳይ ሆኗል።

ሩኒ በ1989 ክስ መሠረተ። በኒው ዮርክ ሕግ የጊዜ ወሰን የሌለውን የሥራ ውል ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በፈለገ ጊዜ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ በመጨረሻ በአንድ ሐረግ ላይ ተንጠለጠለ። «ፕሮፌሽናል ሆኖ እስከ ተጋጠመ ድረስ» የሚለው ቃል የጊዜ ወሰን ነው ወይስ አይደለም? የታይሰን ወገን ቀኑና ዓመቱ ያልታወቀ ነገር ወሰን አይባልም አለ። የሩኒ ወገን ደግሞ ቀኑ ባይታወቅም ፍጻሜው የታወቀ ነው ሲል መለሰ። በ1996 ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ለሩኒ 4,415,651 ዶላር እንዲከፈለው ወሰኑ። ዳኛው ግን ስምምነቱ የጊዜ ወሰን የለውም በማለት ውሳኔውን ሻረው። ጉዳዩ በይግባኝ ከፍ ብሎ ለኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት በጥያቄ መልክ ቀረበ። ይህ ፍርድ ቤት በ1998 መልስ ሰጠ። ቡጢኛው ሙያውን የሚተውበት ቀን አስቀድሞ ባይታወቅም፥ የስምምነቱ መነሻና መድረሻ ተለይቶ ሊታወቅ ስለሚችል ሐረጉ በቂ ወሰን ነው አለ። በዚህ መልስ መሠረት ለሩኒ የተሰጠው ፍርድ እንደገና ጸና።

ታይሰን ከሩኒ ከተለየ በኋላ በ1989 ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ አሸነፈ። በየካቲት 1990 ግን በቶኪዮ ጄምስ ዳግላስ በአሥረኛው ዙር ዘረረው። በዚያ ግጥሚያ ዓይኑ ሲያብጥ በጥጉ ያሉት አዳዲስ ረዳቶች እብጠት የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት ስላልያዙ፥ ቀዝቃዛ ውኃ በላስቲክ ጓንት ሞልተው ያዙለት። ሩኒ ቢኖር ኖሮ ታይሰን ያሸንፍ ነበር ብሎ በእርግጠኛነት መናገር አይቻልም። ፍርድ ቤቱም የወሰነው ስለ ድካም ዋጋ ብቻ ነው። በካትስኪል የተጀመረው አብሮነት በፍርድ አልተመለሰም።

ለ. የቃላት ፍቺ

ማናጀር፦ የስፖርተኛውን ውል፥ ገንዘብና ግጥሚያ የሚመራ ሰው።
ፕሮፌሽናል፦ ስፖርትን መተዳደሪያው ያደረገ።
ዘረረ፦ ተጋጣሚውን መትቶ ጣለ፤ ከመነሣት አገደ።
ሲሶ፦ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ።
ደቀ መዝሙር፦ ተከታይ ተማሪ።
ጸና፦ ሳይለወጥ ኖረ፤ ሳይሻር ቀረ።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የአሠልጣኝ፥ የማናጀርና የግጥሚያ አዘጋጅ ተግባር በምን በምን ይለያያል?
2. ጄከብስ በ1986 የሰጠው መግለጫ ለሩኒ ምን ጠቀመው?
3. የማናጀሩ ክርክር አሠልጣኙን የነካው በምን መንገድ ነው? ሩኒስ አስተያየት ከመስጠት መቆጠብ ነበረበት ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
4. አንድ ተማሪ «ታይሰን ከሩኒ ስለ ተለየ ተሸነፈ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ታይሰን ከሩኒ ከተለየ በኋላ ተሸነፈ» ብሎ ጻፈ። ምንባቡ የሚደግፈው የትኛውን ነው? ለምን?

መ. ሰዋስው፦ የ«እስከ» አገባብ

«እስከ» የአንድን ድርጊት ወሰን የሚያመለክት መስተዋድድ ነው። ብዙውን ጊዜ «ድረስ» የሚለው ቃል ይከተለዋል፤ ሆኖም «ድረስ» ቢቀርም ትርጉሙ አይጠፋም። በምንባቡ ታሪክ እንዳየነው፥ አገባቡን ሳይለዩ መናገር ብዙ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ሦስቱን አገባቦች እንደሚከተለው ለዩ።

1. «እስከ» በስም ላይ ሲገባ የተቆረጠ ወሰን ያሳያል።
ምሳሌ፦ ሩኒ እስከ 1988 ድረስ ታይሰንን አሠለጠነ።
በዚህ ዐረፍተ ነገር ወሰኑ በቁጥር ስለ ተነገረ የሚያከራክር ነገር የለም።

2. «እስከ» በትንቢት ግሥ ላይ ሲገባ፥ ዋናው ድርጊት ሌላ ድርጊት ሲፈጸም እንደሚያበቃ ያሳያል።
ምሳሌ፦ ልጁ ፕሮፌሽናል እስኪሆን ድረስ ሩኒ ያለ ክፍያ ያሠለጥነዋል።
በዚህ ጊዜ የ«ከ» ፊደል ድምፅ ይለወጣል። እስከ + ይሆን = እስኪሆን፤ እስከ + ትሆን = እስክትሆን፤ እስከ + እሆን = እስክሆን፤ እስከ + እንሆን = እስክንሆን ይሆናል።

3. «እስከ» በኃላፊ ግሥ ላይ ሲገባ፥ አንዱ ነገር ጸንቶ በቆየበት ዘመን ሁሉ ሌላውም አብሮ እንደሚቆይ ያሳያል።
ምሳሌ፦ ታይሰን በሙያው እስከ ተጋጠመ ድረስ አሠልጣኙ ሩኒ ይሆናል።
«ተጋጠመ» የሚለው ግሥ በመልኩ ኃላፊ ይሁን እንጂ ነገሩ ያለፈ አይደለም። ይህንንም «ይሆናል» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ያስረዳል። ግሡ በ«አ» የሚጀምር ከሆነ ሁለቱ ድምፆች ይዋሐዳሉ፤ እስከ + አለ = እስካለ ይሆናል። አሉታውም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እስከ + አልተወ = እስካልተወ።

አስተውሉ፦ «ቡጢን እስኪተው ድረስ» እና «ቡጢን እስካልተወ ድረስ» የሚሉት ሐረጎች አንዱ በአዎንታ፥ ሌላው በአሉታ ቢነገሩም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ወሰን ያመለክታሉ።

መልመጃ አንድ

በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግሥ ከ«እስከ» ጋር አዋሕዳችሁ ባዶውን ቦታ ሙሉ፤ ከሦስቱ አገባቦችም የትኛው እንደ ሆነ ተናገሩ።

1. ዝናቡ ______ ድረስ ከቤት አንወጣም። (ያባራል)
2. በሕይወት ______ ድረስ ውለታህን አልረሳም። (አለሁ)
3. እህቴ ትምህርቷን ______ ድረስ ከአክስታችን ዘንድ ትቀመጣለች። (ትጨርሳለች)
4. ውሉ በጽሑፍ ______ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ይገደዱበታል። (አልተሻረም)

መልመጃ ሁለት

ታይሰን በ2005 ከተሸነፈ በኋላ ፕሮፌሽናል ቡጢን ተወ። በኅዳር 2024 ግን በ58 ዓመቱ ተመልሶ ፕሮፌሽናል ግጥሚያ አደረገ፤ በነጥብም ተሸነፈ። አንድ ሰው በ1982 «ቡጢን እስኪተው ድረስ አሠለጥነዋለሁ» ብሎ፥ ሌላው ደግሞ «ቡጢ እስከ ተጋጠመ ድረስ አሠለጥነዋለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ በ2024 የእያንዳንዱ ቃል ይጸና ነበርን? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

ሠ. ድርሰት

አንድ አባት ልጁን ሙያ እንዲማር ለልብስ ሰፊ አደራ ሰጠ እንበል። ሰፊው «ሙያው እስኪገባው ድረስ አስተምረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አብሮኝ እስከ ሠራ ድረስ ድርሻውን እከፍለዋለሁ» አለ። አባትየውም «ቃልህ ይበቃኛል» ብሎ ሄደ። ይህን የቃል ስምምነት ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ወደ ውል ለውጡት። ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች አስቡ።

1. ተዋዋዮቹ እነማን ናቸው? የልጁ ፈቃድስ ተጠይቋል?
2. ሙያው «ገባው» የሚባለው በምን ሲታወቅ ነው? ማንስ ይመሰክራል?
3. ድርሻው ስንት ነው? የሚከፈለውስ መቼ መቼ ነው?
4. ከተዋዋዮቹ አንዱ ቢሞት፥ ቃሉን ማን ይጠብቃል?
5. መለያየት ቢመጣ፥ ውሳኔው ለሌላው ወገን በምን መንገድ ይነገረዋል?

ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ ከጎናችሁ ላለው ተማሪ ስጡት። እርሱም «እስከ» የሚለውን ቃል ባገኘበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ያስምርበትና «እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቅ። ውሉ ራሱ ለጥያቄው መልስ ካልሰጠ፥ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት። አምስተኛውንም ነጥብ ሳትመልሱ አትለፉ፤ ሩኒ መሰናበቱን የተረዳው ከጋዜጣ መሆኑን አስታውሱ።