በደረቁ ወንዝ ዳር፦ ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የእግር ጉዞ



በቅርቡ አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ካኩማ እኮ አሸዋና እሾህ ብቻ ነው፤ ምን የሚታይ ነገር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ የተወለደው እዚሁ ነው። የአባቱን አገር በወሬ ያውቃል፤ የቆመበትን መሬት ግን ገና አላየውም። መልሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ትምህርት አዘጋጀሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእናት ከአባታችሁና ከታናናሾቻችሁ ጋር ሆናችሁ ከሠፈራችሁ እስከ ታራች ወንዝ ዳር በእግር ሂዱና ተመለሱ። ደርሶ መልሱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። በረሃ ግን ቀልድ አያውቅምና አስቀድማችሁ የሚከተለውን አጥኑ።

ሀ. ሰዓትና ውሃ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ 3 ሰዓት ሳይሞላ ቤታችሁ ግቡ። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለጎረቤት ወይም ለብሎክ መሪያችሁ ተናገሩ። ከተፈቀደው ክልል አትውጡ።

ስንሄድ ያልበናል። ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን የገላችንን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በዚህም እንቀዘቅዛለን። ነገር ግን በላብ የወጣው ውሃ ካልተተካ ሰውነት ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያዙ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አምስት ሰዎች ለ2 ሰዓት ቢሄዱ 5 × 2 × 0.5 = 5 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋቸዋል። ለመጠባበቂያ አንድ ሁለት ሊትር ጨምሩበት። ውሃው የሚጠጣው ሲጠማ ብቻ አይደለም፤ ሕፃናት ጥማታቸውን በወቅቱ አይናገሩምና በየጥቂቱ አጠጧቸው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እዚህ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ይዤ የወጣሁት 3 ሰዓት ላይ ነበር፤ ለአሥራ ሁለት ሰው የያዝኩት ውሃ ደግሞ አንድ ጀሪካን ብቻ። በመልስ ጉዞ አንዲት ልጅ ራሷን ይዛ ተቀመጠች፤ ማስመለስ ጀመራት፤ የምትናገረውም ተቀላቀለባት። ውሃው አልቋል። አንዲት የቱርካና እናት ከወንዙ አሸዋ ውስጥ በቆፈረችው ጉድጓድ ፍየሎቿን ታጠጣ ነበር። ፍየሎቿን ወደ ኋላ መልሳ ውሃ ቀዳችልን። ነጠላ ነክረን በልጅቷ ራስና አንገት ላይ አደረግን፤ እያራገብን ጥላ ውስጥ አቆየናት፤ ከዚያም ተሸክመን ወደ ክሊኒክ አደረስናት። ልጅቷ ዳነች። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር።

ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። ሰውየው ከተቀባዠረ ወይም ራሱን ከሳተ አደጋው ከባድ ነውና እያቀዘቀዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ውሃውን ለጨረሰበት፣ ነገር ግን መዋጥ ለሚችል ሰው፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለጥ ያለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ስጡት።

ለ. ወንዙ

ታራች ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን ውሃው ፈጽሞ አልጠፋም። በዝናብ ጊዜ የወረደው ጎርፍ ከአሸዋው በታች ይቀራል፤ አሸዋውም ከፀሐይ ይጋርደዋል። ያቺ እናት የቆፈረችው ይህን አውቃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ። ጉድጓዱም ባለቤት አለውና ሳትጠይቁ አትቅዱ።

ከሁሉ በላይ ይህን አስታውሱ፦ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ራቅ ብሎ በኡጋንዳ ወሰን በኩል ባሉት ከፍታዎች ላይ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ በወንዙ ሆድ ውስጥ አትቀመጡ፤ ልጆችም እዚያ አይጫወቱ። በላይ በኩል ደመና ካያችሁ ወይም ጉምጉምታ ከሰማችሁ ወዲያው ወደ ዳር ውጡ። ጎርፍ ሲሞላ ለመሻገር የሞከረ ዋናተኛም ይወሰዳል።

ሐ. ዛፍ፣ እሾህና ድንጋይ

በወንዙ ዳር ጥላውን ዘርግቶ የምታዩት ግራር በቱርካና ቋንቋ «ኤዎይ» ይባላል። ፍሬውን ፍየሎች ይበሉታል፤ ሰው ከጥላው ሥር ይሰበሰባል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ባለ እሾህ ቁጥቋጦ ደግሞ ፕሮሶፒስ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ተክል ሲሆን በአገራችንም አፋር ውስጥ ተስፋፍቷል። እሾሁ ስስ ነጠላ ጫማ ይበሳልና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ። ድንጋይ በእጅ አትገልብጡ፤ ጊንጥና እባብ ከሥሩ ያርፋሉ። እባብ የነደፈውን ሰው ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁም አትሰሩ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ተሸክማችሁ ወደ ክሊኒክ አድርሱት።

መ. ምድሩ የያዘው ታሪክ

አሁን ጥላ ሥር አረፍ በሉና ለታናናሾቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ከዚህ በስተምሥራቅ የቱርካና ሐይቅ አለ። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ኦሞ ነው። እናታችሁ በልጅነቷ በጊቤ ዳር አድጋ ከሆነ፣ ያ ውሃ ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ ወደዚሁ በረሃ ይወርዳል።

ከሐይቁ ምዕራብ፣ ናሪዮኮቶሜ በሚባል ደረቅ ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሞያ ኪሜው የተባለ ኬንያዊ በዕረፍት ቀኑ በእግሩ ሲንሸራሸር ከጠጠሮች መካከል አንዲት ትንሽ የራስ ቅል ስባሪ አየ። ባልደረቦቹ ቦታውን ሲቆፍሩ የአንድ ልጅ አጽም አብዛኛው ክፍል ተገኘ። ልጁ የኖረው ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ካሞያ በትምህርት ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ያስተዋለው ግን ዓለምን አስተማረ። እንግዲህ በደረቅ ወንዝ ዳር «ምንም የለም» የሚል ሰው ካሞያን ያስታውስ።

ሌላ ታሪክም አለ፤ ይህ ቅርብ ነው። ካምፓችን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል በሺህ የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ በአገራቸው ጦርነት ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ በእግራቸው መጥተው በጋምቤላ ካምፖች ተጠልለው ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ከዚያም ተነሥተው እንደገና በእግር ሱዳን ገቡ፤ በመጨረሻም በሎኪቾጊዮ በኩል ኬንያ ደረሱ። በመንገድ ላይ ወንዝ፣ ረሃብና ጥም ስንቱን አስቀርቷል። እናንተ ውሃ ይዛችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር፣ በፈቃዳችሁ ትሄዳላችሁ። እነርሱ የእናንተ እኩያ ሆነው ይህን አልታደሉም። አሸዋውን ስትረግጡ አስቧቸው። ቤታችሁም ውስጥ በእግር የመጣ ሰው ካለ፣ ሊያወራ ከወደደ አዳምጡት፤ ዝም ካለ አታስጨንቁት።

ሠ. ጎረቤቶቻችን

የቱርካና ሰው ስታገኙ «ኤጆካ» ብላችሁ ሰላም በሉ። ሽማግሌዎች የሚይዙትን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ተመልከቱ፤ «ኤኪቾሎንግ» ይባላል፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ትራስ ነው። ሳትጠይቁ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ አትስበሩ። በውሃና በማገዶ ብዙ ጊዜ ቅሬታ ተነሥቷል፤ ሰላምታና ጨዋነት ግን ምንም ወጪ አይጠይቁም። የፍየሎቿን ተራ ለእኛ የሰጠችውን እናት እኔ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

መልመጃ

1. ሰባት ሰዎች ለ2 ሰዓት ቢጓዙ ስንት ሊትር ውሃ ይይዛሉ? መጠባበቂያውን 2 ሊትር አድርጋችሁ ደምሩ።
2. ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ታራች ለምን ሊሞላ ይችላል? በሥዕል አስረዱ።
3. በጉዟችሁ ካያችሁት አምስት ነገር ጻፉ። ከመካከላቸው አንዱን ወላጆቻችሁ በአማርኛ፣ ጎረቤታችሁ በቱርካና ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቃችሁ ጨምሩ።

መልሶቻችሁን በደብተራችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በክፍል ውስጥ አብረን እናነባቸዋለን። መልካም ጉዞ! ውሃውን አትርሱ።