ልብ ሳይናገር ይታመማል
የልብን ጤንነት ስለሚጠብቁ የዕለት ተዕለት ልማዶች

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ጉለሌ ስለ ልብ ጤንነት ለመማር የተመቸ ሰፈር ነው። ዳገቱ መራመድን ያስተምራል፤ የባሕር ዛፉ ማገዶ ስለ ጢስ ያስታውሳል፤ በሽሮ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ከሸማ ሥራቸው ላይ የሚቀመጡት ሸማኔዎችም ብዙ መቀመጥ በሰውነት ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት ለመናገር ምሳሌ ይሆኑናል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ልብን የሚጠብቁትንና ልብን የሚጐዱትን ልማዶች ከዚሁ ሰፈር ኑሮ ጋር እያመሳከርን እናስረዳለን።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የልብ በሽታ በሚጀምርበት ጊዜ አያሳምምም፤ በሚያሳምምበት ጊዜ ደግሞ ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፎታል ማለት ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን አይተኛም፤ ሆዱን የታመመ ሰው ወዲያው መድኃኒት ይፈልጋል፤ የደም ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው ግን በሰላም ተኝቶ በሰላም ይነሣል። በዚህም ምክንያት ልብን መጠበቅ የሚገባው ሕመም በተሰማ ጊዜ ሳይሆን ጤና በሆነበት ጊዜ ነው።

፩. የልብ ሥራ

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ጡንቻ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ዐዋቂ ሰው በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ቀን ሲታሰብ 100,000 ጊዜ ያህል ይሆናል። በየደቂቃውም 5 ሊትር ያህል ደም ወደ ሰውነት ይልካል። ደሙ በደም ቅዳ ውስጥ ሲያልፍ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል የደም ግፊት ይባላል። ሐኪም ሲለካን ሁለት ቍጥር የሚጽፈው ስለዚህ ነው፤ የላይኛው ቍጥር ልብ ሲጨመቅ፣ የታችኛውም ልብ ሲያርፍ ያለውን ግፊት ያመለክታል። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል ይባላል።

ግፊቱ ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር ልብ በየቀኑ ጭነት እየተጨመረበት ዳገት እንደሚወጣ አህያ ይሆናል። በመጀመሪያ ጡንቻው ይወፍራል፤ በመጨረሻ ይደክማል። የደም ሥሮችም ይደድራሉ፤ ይጠባሉ። በአንጎል ውስጥ ያለው የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሰውነት አንድ ጎን ሽባ ይሆናል፤ ልብን ራሱን የሚመግበው ሲዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይመጣል፤ የኵላሊት ሲጐዳ ደግሞ ኵላሊት ሥራውን ያቆማል።

ይህ የሌላ አገር ሰው ብቻ በሽታ ነው የሚል አሳብ ቢኖር ትክክል አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከመቶ ዐዋቂ ሰዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚህ ልክ ብናሰላው 50 መምህራን ባሉበት ትምህርት ቤት 8 ያህሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ስምንቱ ስንቱ እንደሚያውቀው እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ባልደረቦች ጠይቆ ይረዳው።

፪. ስለ ጨው

ጨው በደም ውስጥ ውሃ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ውሃው ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል፤ ይህም ያልተቈለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከዚህ በላይ በጠቀስነው ጥናት ግን የአገራችን ሰው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም እንደሚበላ ታውቋል።

ብዙ ሰው «እኔ ጨው አላበዛም» የሚለው ከማዕድ ላይ የሚነሰንሰውን ብቻ ስለሚቈጥር ነው። ይሁን እንጂ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሚጥሚጣውም እንደዚሁ፤ ወጡ ሲበስል ሌላ ይጨመራል፤ በአንዳንድ ቤትም ቡና በጨው ይጠጣል። ስለዚህ የቤት እመቤት በርበሬና ሽሮ ስታስፈጭ ጨው ሳይገባበት ብታስቀምጥና በወጡ ላይ ብቻ በማንኪያ እየለካች ብትጨምር የሚገባውን መጠን ታውቀዋለች። ምላስ ቀስ በቀስ ስለሚለምድ በአንድ ቀን ከመቀነስ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሻላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ የጨውን ቦታ በጣዕም ይተካሉ። ጨው ይቀነስ ሲባል ግን አዮዲን ያለበት ጨው ይተው ማለት አይደለም፤ የሚበላው ጥቂት ጨው እንቅርትን እንዲከላከል አዮዲን ያለበት መሆን አለበት።

፫. ስለ ቅባትና ስለ ምግብ

በጉለሌ ብርድ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚረጋ ዘይትን ሁሉም የቤት እመቤት ታውቀዋለች። ይህ የፓልም ዘይት ነው፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ከቅቤ ስብ ጋር አንድ ዐይነት ጠባይ አለው፤ ሲበዛም በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስብ ይጨምራል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ግን በብርድም አይረጉም፤ ለልብም ይሻላሉ። ቢሆንም ዘይት ሁሉ ቅባት ስለሆነ በልክ ይሁን፤ ለመጥበሻ ያገለገለውንም ዘይት ደጋግሞ ማሞቅ አይገባም።

አባቶቻችን ያቈዩልን ገበታ በብዙ ነገር ለልብ የተስማማ ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ አተር፣ ሽንብራና ባቄላ አሰር ያላቸው ምግቦች ናቸው፤ ጎመን፣ ድንችና ሙዝ ደግሞ ፖታሲየም የሚባለውን፣ የጨውን ክፋት የሚያለዝበውን ማዕድን ይሰጣሉ። ጾመኛ ሰው ሥጋና ቅቤ የሚተውባቸው ወራት ልብን ያሳርፋሉ። ነገር ግን የጾሙ ወጥ በዘይት ከተጥለቀለቀ፣ ወይም የጾሙ ወራት ያስቀሩት ቅቤና ሥጋ በፋሲካ ሳምንት ሁሉም ባንድነት ከተበላ የጾሙ ጥቅም ለሰውነት ይቀርበታል። በረመዳን የሚጾሙም ማፍጠሪያቸውን በሾርባና በተምር ጀምረው በዘይት የተጠበሰውን ቢያሳንሱ መልካም ነው። ልጆችን ከጣፋጭና ከለስላሳ መጠጥ ይልቅ ፍራፍሬ ማስለመድ የወላጅና የመምህር የጋራ ሥራ ነው።

፬. ስለ መራመድ

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው እንጦጦ የአገራችን ሯጮች ልምምድ የሚያደርጉበት ተራራ ነው። ከተራራው ግርጌ የሚኖረው ሰው ግን ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ታክሲ ሲጠብቅ በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ጊዜ የሚያጠፋበት ቀን አለ። ዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል ሰውነቱን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ማለት ነው። የርምጃው ፍጥነት መለኪያም ቀላል ነው፤ እየተራመዱ መነጋገር የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻል ከሆነ ልክ ነው።

ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጸሐፊውና ደብተር የሚያርመው መምህር ሁሉ በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ቢንጐራደዱ ደማቸው ይንቀሳቀሳል። ይሁን እንጂ ከእንጦጦ ከባድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ድካም እንደ ስፖርት ሊቈጠር አይገባውም፤ ከዐቅም በላይ የሆነ ሸክም ወገብን ይሰብራል እንጂ ጤና አይሰጥም። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የኖረ ወይም ደረቱን የሚያመው ሰውም ዳገት መውጣት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ከዚያም በሜዳው ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር።

፭. ስለ ትምባሆ፣ ስለ ጢስ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት

ትምባሆ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ደሙም እንዲረጋ ያደርጋል። የሚያጨሰው ሰው ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠውም ይጐዳል። ስለዚህም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸውና ሥራ በሚሠራባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ማጨስ የተወ ሰው ደግሞ ተስፋ አለው፤ አንድ ዓመት ከቈየ የልብ ሕመም አደጋው ከሚያጨሰው ሰው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ትምባሆ በማይገባበት ቤትም ጢስ ሊኖር ይችላል። በዝግ ማድ ቤት ውስጥ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንጀራ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰው ጢስ ሳንባዋን ብቻ ሳይሆን ልቧንም ይጐዳል። ምጣዱን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ያልቻለ ቢያንስ የጢስ መውጫ ይክፈት፤ ሕፃናትንም ከምድጃው ዳር ያርቅ። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ይልቁንም አረቄ፣ ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጫትም የልብን ምት ያፋጥናል፤ እንቅልፍንም ይነሣል። ዐዋቂ ሰው ግን በሌሊት 7 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

፮. ስለ መለካት

ዝም ያለውን በሽታ የሚያናግረው መለኪያው ብቻ ነው። ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ይለካ። ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አይጠጣ፤ አያጭስ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ጀርባውን ደግፎ ይረፍ፤ ክንዱም በልቡ ትክክል ይሁን።

መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደኅና ነኝ ብሎ መተው የለበትም፤ ደኅና የሆነው በመድኃኒቱ ነውና። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የሽፈራው ቅጠል በምግብነታቸው መልካም ናቸው፤ መድኃኒቱን ግን አይተኩም። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣ ሕመምተኛም መድኃኒቱን እየዋጠ ይጠመቅ እንጂ አያቋርጥ።

፯. በተለይ ለመምህራን፦ ስለ ጉሮሮ ሕመም

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዐዋቂዎች ነው። የልጆች ልብ ግን በሌላ መንገድ፣ ይኸውም በጉሮሮ በኩል ይጠቃል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በሚበዛው፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሕዋስ በሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ምክንያት ልጁ በጊዜ ካልታከመ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኵሳት ሊነሣ ይችላል። እብጠቱ ያልፋል፤ በልብ በሮች ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። ልጁም ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፤ ይተነፍገዋል፤ እግሩ ያብጣል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚኖርበት ቤት ይህ በሽታ በቶሎ ይተላለፋል።

እንዲህ ያለው ልብ ሲበላሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙ ልጆችን አድኗል፤ ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት በሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው። በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ዋጋው ጥቂት ነው። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ተማሪህ ትኵሳት ይዞት ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወላጆቹን ጠርተህ ያንኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ንገራቸው። እንጥል ማስቈረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም፤ ይልቁንም ደም ያፈሳል፤ ቍስሉም ያመረቅዛል። አንድ ጊዜ የመገጣጠሚያው ትኵሳት ይዞት ለነበረ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይታዘዝለታል፤ መርፌ ሊወጋ የሚሄድበትን ቀን እንደ መቅረት አትቍጠርበት፤ እንዲያውም ቀኑን አስታውሰው።

ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር፤ የፊት አንድ ጎን መጣመም፤ የአንድ ክንድ መዛል፤ የአንደበት መተሳሰር። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሰው እስኪነጋ ወይም እስኪሻለው አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ለክፍል ውስጥ መጠያየቂያ

1. የደም ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው ሕመም ሳይሰማው ለምን ይጐዳል?
2. በቤታችሁ ጨው የሚገባባቸውን ምግቦች ሁሉ ቍጠሩ። ከየትኛው መቀነስ ይቻላል?
3. የሚረጋ ዘይትና የማይረጋ ዘይት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. የጉሮሮ ሕመም ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ተማሪዎች መልሱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለአባትና ለእናታቸው አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ እርሱም «የደም ግፊታችሁን የተለካችሁት መቼ ነው?» የሚል ይሁን።